ዜግነቷ ያልተጣራ ወፍ፦ ስለ «ተርኪ» ስም አመጣጥ የተደረገ ምርመራ

አንድ ሰው ቀበሌ ቀርቦ «አገሬ ቱርክ ነው፤ ቱርኮቹ ግን የህንድ ሰው ነህ ይሉኛል፤ ህንዶቹ ደግሞ ከፔሩ መጣህ ይላሉ፤ ፔሩ ስሄድ ጣዎስ ነው የምባለው» ቢል፣ መታወቂያ ማግኘቱ ቀርቶ ወረፋ ጠብቆ መቀመጡም ያጠራጥራል። አንዲት ወፍ ግን ይህንኑ ቃል በየአህጉሩ እየሰጠች አምስት መቶ ዓመት ኖራለች። እስካሁን ፋይሏን የጠየቀ የለም።

ወፏ በእንግሊዝኛ «ተርኪ» ትባላለች። እንግሊዞች አገሩን ቱርክንም ወፏንም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት፤ ሲጻፍ የሚለያቸው የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኗ ብቻ ነው። ቱርኮች ራሳቸው «ሂንዲ» ይሏታል፤ የህንድ ማለታቸው ነው። በሂንዲ ቋንቋ ደግሞ «ፔሩ» ትባላለች፤ ስሙን ህንዶች የወሰዱት ከፖርቱጋሎች ነው። በፔሩ «ፓቮ» ናት፤ ይህም በላቲን የጣዎስ ስም ነበር። እንግዲህ ከለንደን እስከ ሊማ ባለው መንገድ ሁሉ «ይህቺ የእኛ ናት» ብሎ የፈረመ አንድ አገር አልተገኘም። ሁሉም ወደ ጎረቤት መርቷታል።

የዚህ ጥናት ዓላማ የወፏን የትውልድ ቦታ አጣርቶ መዝገቡን መዝጋት ነው። ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል። ወፏ ጳጉሜን አታውቅም።

የተመርማሪዋ መልክ

ለማያውቋት፦ ተርኪ በቁመትም በክብደትም ከዶሮ እጅግ የምትበልጥ፣ ራሷና አንገቷ ላባ የሌለው ወፍ ናት። ወንዱ ከመንቁሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ታች የሚንጠለጠል ሥጋ አለው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ ጺም የሚመስል ዘለላ ይወጣዋል። ሲቆጣም፣ ሴት ሲያይም ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ የክንፉን ጫፍ መሬት እያስነካ ይንጎራደዳል። በዚህ ጊዜ የራሱ ቆዳ ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ነጭ ይለዋወጣል።

ጃፓኖችና ኮሪያውያን ይህን አይተው «ባለ ሰባት ፊት ወፍ» አሏት። ቻይናውያን «የእሳት ዶሮ» አሏት። በስዋሂሊ «ባታ ምዚንጋ» ትባላለች፤ «ባታ» ዳክዬ ነው፣ «ምዚንጋ» ደግሞ የንብ ቀፎም መድፍም ማለት ይሆናል። የቀፎ ዳክዬ ትሁን የመድፍ ዳክዬ፣ ጥናቱ እነዚህን ሕዝቦች ያመሰግናል፤ ስም ከማውጣታቸው በፊት ወፏን አይተዋታል። የቀረው ዓለም ወፏን ትቶ ያመጣትን መርከብ ነው ያየው። መርከቡንም ቢሆን ከሩቅ።

ትክክለኛው ፋይል

የትውልድ ቦታዋ የሚያከራክር አይደለም። ተርኪ የአሜሪካ ወፍ ናት። በሜክሲኮ የሚኖሩ ሕዝቦች ካላመዷት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሆኗል፤ ዛሬ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምዕራብ በሚባለው አካባቢ የነበሩትም ለብቻቸው አልምደዋት በላባዋ ብርድ ልብስ ይሠሩ ነበር። አዝቴኮች በናዋትል ቋንቋቸው ወንዱን «ዌሾሎትል»፣ ሴቷን «ቶቶሊን» ይሉ ነበር። ከአማልክቶቻቸው አንዱ ቴስካትሊፖካ በተርኪ አምሳል ይገለጥ ነበር። በሜክሲኮ እስከ ዛሬ «ጓሆሎቴ» ትባላለች፤ የድሮው ስሟ በስፔን ምላስ ታሽቶ የወጣ ነው። ስሟም፣ አድራሻዋም፣ የምታመልካት ከተማም ይታወቃሉ። ሥርዓት ባለው ቢሮ ቢሆን መዝገቡ እዚህ ላይ ይዘጋ ነበር።

አልተዘጋም። ኤርናን ኮርቴስ በ1519 ሜክሲኮ ሲገባ አብረውት የነበሩት ስፔናውያን የተዘረጋውን ጅራት አዩና «ፓቮ» አሉ። ፓቮ ማለት ጣዎስ ነው። ችግሩ ስፔን ውስጥ እውነተኛው ጣዎስ ነበረ፤ ስሙንም ይዞ በየቤተ መንግሥቱ ግቢ ይጎማለል ነበር። እንግዳዋ ወፍ ስሙን ስትይዝበት ባለቤቱ ቅጽል ፍለጋ ወጣ። ዛሬ በስፔንኛ ጣዎስ «ፓቮ ሬያል» ይባላል፤ ንጉሣዊው ፓቮ ማለት ነው። ማዕረግ ሰጥቶ ከቦታ ማንሣት አዲስ አሠራር እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ በጣዎስ ላይ ከመፍረዱ በፊት የድንችን ጉዳይ ያስታውስ። ዛሬ «ድንች» ሲባል ማንም የሚያስበው ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችን የገባውን ነው። አገር በቀሉ፣ ከዚያ በፊት በደቡብና በምዕራብ ሲመገቡት የኖሩት ሥር ግን «የወላይታ ድንች»፣ «የኦሮሞ ድንች» እየተባለ ቅጽል ይዞ ይሄዳል። እንግዳው ያለ ቅጽል፣ ባለቤቱ በቅጽል። ጣዎስና የወላይታ ድንች ቢገናኙ የሚያወሩት አያጡም።

የእንግሊዞቹ ቃል

በእንግሊዝ ባለው ወግ ተርኪን ወደ አገሪቱ ያስገባው ዊልያም ስትሪክላንድ የተባለ የዮርክሸር ሰው ነው፤ ዘመኑም 1526 እንደሆነ ይነገራል። ያስገባው እርሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ አድርጎ ያቀረበው ደረሰኝ የለም፤ ሆኖም በ1550 የቤተሰብ አርማ ሲፈቀድለት አርማው ላይ ያስቀመጠው አንበሳም ንስርም አይደለም፣ ጅራቱን የነፋ ወንድ ተርኪ ነው። ለአርማው የተሣለው ሥዕል በአውሮፓ ከተሣሉት የተርኪ ሥዕሎች ሁሉ ከቀደሙት አንዱ መሆኑ ይታመናል። በመንደሩ በቦይንተን ባለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወንጌል የሚነበብበት አትሮንስ በተርኪ ቅርጽ የተጠረበ ነው። በሌሎች የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ይህ ቦታ የንስር ነው።

ቃሉ በጽሑፍ ከተገኘባቸው ከቀደሙት ቦታዎች አንዱ የ1541 ደንብ ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር የካህናቱ ማዕድ ከልክ ማለፉን አይተው ትልልቅ ወፎች በአንድ ሳህን ከአንድ በላይ እንዳይቀርቡ ወሰኑ፤ ከተዘረዘሩት ወፎች መካከል «ተርኪ» ትገኛለች። ወፏ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ያለችው ተመስግና አይደለም፤ በካህናት ሆድ ላይ በወጣ ገደብ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። አሜሪካዊት ወፍ ለምን ቱርክ ተባለች? ምሁራን በሁለት ጎራ ቆመዋል።

የመጀመሪያው ጎራ ጥፋቱን በጅግራ ላይ ያሳብባል። የምናውቃት ጅግራ፣ ያቺ በቆላው ጥሻ ውስጥ በመንጋ የምትሮጠው፣ ባለ ነጠብጣቧ፣ የአፍሪካ ወፍ ናት። አውሮፓ ግን በዘመዶቿ በኩል ከጥንት ያውቃታል። ግሪኮች «ሜሌአግሪስ» ይሏት ነበር፤ በተረታቸው የሜሌአግሮስ እኅቶች ለሞተው ወንድማቸው አልቅሰው አልቅሰው ወደ ወፍ ተለወጡ፣ በላባዋ ላይ ያለው ነጠብጣብ እንባቸው ነው። ሮማውያን የኑሚዲያ ወፍ አሏት። ፖርቱጋሎች ከምዕራብ አፍሪካ ሲያመጧት የጊኒ ዶሮ ሆነች። በቱርክ ግዛቶች በኩል ወደ እንግሊዝ ስትሻገር ደግሞ የቱርክ ዶሮ ተባለች። በዚህ መካከል ከአሜሪካ ሌላ ትልቅ ወፍ መጣች፤ እንግሊዞች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው «አንድ ናቸው» አሉ። ልዩነታቸው ሲገባቸው ቱርክ የሚለውን ስም ለአሜሪካዊቷ ሰጥተው ጅግራን ወደ ጊኒ መለሷት። ይህ እውነት ከሆነ ተርኪ የተሸከመችው ስም የራሷ አይደለም፣ የጅግራ ነው። ለጅግራም ቢሆን ስህተት ነበር።

ሁለተኛው ጎራ ጅግራን ነፃ ያወጣል። እንደ እነርሱ አባባል ዘመኑ የቱርክ ዘመን ነበር። ከምሥራቅ ሜዲትራንያን ጋር የሚነግዱት እንግሊዛውያን «የቱርክ ነጋዴዎች» ነበር የሚባሉት፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ1581 ፈቃድ የሰጡት ኩባንያም የቱርክ ኩባንያ ይባል ነበር። ምንጣፉ የቱርክ፣ ቅመሙ የቱርክ፣ እንግዳ ነገር ሁሉ የቱርክ። ወፏም ስትመጣ ሌላ ሣጥን አልተዘጋጀላትም። ለዚህ ጎራ ጠንካራው ምስክር በቆሎ ነው። በቆሎ የተርኪ የአገር ልጅ ነው፤ እርሱም ሜክሲኮ ነው የተወለደው። ጣልያኖች ግን እስከ ዛሬ «ግራንቱርኮ» ይሉታል፣ የቱርክ እህል ማለት ነው። ቱርኮች ደግሞ «ምሥር» ይሉታል፤ ግብፅ ማለታቸው ነው። ሁለት ሜክሲኳውያን በአንድ መርከብ ወጥተው ሁለቱም የሐሰት ፓስፖርት ይዘው ወርደዋል።

ሼክስፒር ነገሩን ከማጥራት ይልቅ አወሳስቦታል። በ«ሄንሪ አራተኛ» ተውኔቱ የመጀመሪያ ክፍል አንድ ዕቃ ጫኝ ቅርጫቱ ውስጥ በረሃብ የሚሞቱ ተርኪዎች እንዳሉት ይናገራል። ተውኔቱ የሚተርከው ከ1402 እስከ 1403 ያለውን ዘመን ነው። ኮሎምበስ ሊወለድ ገና ሃምሳ ዓመት ያህል ይቀረዋል። ከዚህ በመነሣት ወፎቹ አሜሪካን ሳይጠብቁ ራሳቸውን አግኝተው መጥተዋል ብሎ መደምደም ይቻል ነበር፤ ጥናቱ ግን ጥፋቱ የጸሐፊው ነው የሚለውን አቋም ይመርጣል።

ሳይንስ መጥቶ ያስተካክለዋል ብሎ የጠበቀ ካለ ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 የሠራውን ይመልከት። የሕያዋንን ሁሉ ስም ሥርዓት ያስያዙት እኚህ ታላቅ ሰው ለተርኪ «ሜሌአግሪስ ጋሎፓቮ» የሚል ስም ሰጧት። «ሜሌአግሪስ» በግሪክ ጅግራ ነው። «ጋሎ» በላቲን አውራ ዶሮ ነው። «ፓቮ» ጣዎስ ነው። በአንድ ስም ሦስት ወፎች ተሰበሰቡ፤ ከሦስቱ አንዷም ተርኪ አይደለችም። ዓለም አቀፉ የሳይንስ ስምምነት ዛሬም በዚሁ ይጸናል።

የህንድ ጉዳይ

ከቱርክ ቀጥሎ በብዛት የተከሰሰችው ህንድ ናት። መነሻው ይታወቃል፤ ኮሎምበስ በ1492 አሜሪካ ደርሶ ህንድ ገባሁ ብሎ ስለነበር፣ ከዚያ የመጣው ሁሉ የህንድ ሆነ። ፈረንሳዮች «ዴንድ» ይሏታል፤ «የህንድ» ማለት ነው፣ ዶሮ የሚለው ቃል ከጊዜ ብዛት ወድቆ አገሩ ብቻ ቀርቷል። በሩስያኛ «ኢንዴይካ»፣ በፖላንድኛ «ኢንዲክ»፣ በጆርጅያኛ «ኢንዳውሪ» ናት። አርመኖች የህንድ ዶሮ ይሏታል። ሆላንዶች ከሁሉም በላይ ጠንቃቃ ስለሆኑ አገር ብቻ መጥራት አላረካቸውም፤ ከተማውንም ለይተው «ካልኩን» አሏት። ቃሉ የተወለደው ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ከደረሰባት ከህንዷ ወደብ ከካሊከት ነው። ዴንማርኮች፣ ስዊድኖችና ፊንላንዶችም ይህን ተቀብለዋል። ስህተት ነው፤ ሆኖም በጥንቃቄ የተሠራ ስህተት ነው።

በዕብራይስጥ ወፏ «ታርኔጎል ሆዱ» ትባላለች፣ በአጭሩ «ሆዱ»። ትርጉሙ ህንድ ነው። ይኸው ቃል በዕብራይስጥ «አመስግኑ» ማለትም ይሆናል። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። እስራኤል ከሕዝቧ ብዛት አንፃር ብዙ ተርኪ ከሚበላባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በዚያ የሚኖሩ ቤተ እስራኤሎች ሥጋ ቤት ፊት ቆመው አንዱን ስም በሦስት መንገድ የመስማት ዕድል አላቸው፦ ህንድ፣ አመስግኑ፣ ሆዱ። ከሦስቱ ለጉዳዩ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ እዚያው መወሰን ይቻላል።

ህንድ ራሷ ስለዚህ ሁሉ ምን አለች? ምስክሩ ከንጉሥ በታች አይደለም። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በ1612 ሙቀረብ ኻን የተባለውን ሹማቸውን ፖርቱጋሎች ወደያዙት ወደ ጎዋ ወደብ ልከው ያልታዩ ነገሮችን ሁሉ እንዲገዛላቸው አዘዙ። ሹሙ ይዞ ከመጣው መካከል ተርኪ ነበረች። ንጉሡ በማስታወሻቸው ላይ የራሷን ቀለም መለዋወጥ በአድናቆት መዝግበዋል፤ ሥዕሏንም የቤተ መንግሥቱ ታላቅ ሠዓሊ መንሱር እንዲሥል አድርገዋል። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ስለ ስሟ የጻፉት ግን አጭር ነው፦ ማንም አያውቀውም። ፈረንሳዩም፣ ሩስያዊውም፣ ቱርኩም «የህንድ ናት» እያሉ ሲበሏት የህንዱ ንጉሠ ነገሥት እንግዳ መጣብኝ ብለው ሠዓሊ ይጠሩ ነበር።

ለመዝገብ ያህል፣ ያው መንሱር በ1621 ሌላ እንግዳ እንስሳ ሥሏል። የሜዳ አህያ ነበረች። ሥዕሉ ላይ ንጉሡ በእጃቸው እንደጻፉት ያመጧት ቱርኮች ናቸው፤ የመጣችውም ከሐበሻ ምድር ነው። ሰው ሁሉ ግርፋቷን ሰው የቀባው መስሎት ነበር። ቱርኮች ከሐበሻ አገር እንስሳ ጭነው በየቤተ መንግሥቱ ያደርሱ እንደነበር ከዚህ ይታያል። ይህን ነጥብ አንባቢ ኪሱ ውስጥ ያስቀምጥልን።

የጎረቤት ማዶ ሕግ

ማስረጃዎቹ ሲደረደሩ አንድ ሕግ ይወጣቸዋል፦ ማንኛውም እንግዳ ነገር ከጎረቤት ማዶ የመጣ ነው። በማሌዥያ ተርኪ «አያም በላንዳ» ናት፣ የሆላንድ ዶሮ፤ ሆላንዶች ራሳቸው የካሊከት ናት ሲሉ። በስኮትላንድ ደጋ በጌሊክ የፈረንሳይ ዶሮ ትባላለች፤ ፈረንሳዮች የህንድ ናት ሲሉ። በመቄዶንያ «ሚሲርካ» ናት፣ የግብፅ፤ ግብፆች ግን «ዲክ ሩሚ» ይሏታል፣ የሮም አውራ ዶሮ፤ ሩም ሲሉም በሮም ስም ትጠራ የነበረችውን ትንሿን እስያ፣ ዛሬ ቱርክ ያለችበትን ምድር ማለታቸው ነው። በቬትናም የምዕራብ ዶሮ ናት። በካምቦድያ «ሞዋን ባራንግ» ትባላለች፤ «ባራንግ» የእኛው «ፈረንጅ» ዘመድ ስለሆነ ስሙ ቃል በቃል የፈረንጅ ዶሮ ነው። ፖርቱጋሎች ብቻ «ፔሩ» ብለው ቢያንስ አሜሪካን አልሳቱም። ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል፤ የሳቱት በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው።

እኛም ከሕጉ ውጭ አይደለንም። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ሆኗል፤ ባሕር አጠገብ በቅሎ ሳይሆን ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ። በቆሎም በድሮው አጠራር «የባሕር ማሽላ» ነበር። ብርቱካን ከቻይና ወገን የተነሣ ፍሬ ነው፤ ስሙ ግን በዐረብኛ በኩል የመጣው የፖርቱጋል ስም ነው፤ በየቀኑ ፖርቱጋልን እየላጥን እንበላለን። የውጭ ዝርያ ዶሮ «የፈረንጅ»፣ የእኛው «የሐበሻ» ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ገበያተኛው ፓስፖርት አይጠይቅም፣ ዋጋውን ይሰማል።

ከመንግሥታት ጋር ያላት ግንኙነት

ወፏ በዓለም ዲፕሎማሲ ውስጥ ያላት ድርሻ በቂ ትኩረት አላገኘም። የቱርክ መንግሥት በታኅሣሥ 2021 ባወጣው መመሪያ አገሪቱ በማንኛውም ቋንቋ «ቱርኪዬ» እንድትባል ወሰነ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በሰኔ 2022 ተቀበለው። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ በእንግሊዝኛ ያለው የወፏ ስም ነበር፤ ያም ስም በመዝገበ ቃላት ከወፍነቱ ሌላ «የማይረባ ሰው»፣ «የከሸፈ ተውኔት» የሚሉ ትርጉሞች አሉት። ስሙን ለወፏ ያዋሰው አገር አምስት መቶ ዓመት ጠብቆ ስሙን ትቶላት ሄደ። ወፏን «ሂንዲ» ብሎ መጥራቱን ግን አላቋረጠም። ህንድ እስካሁን ተቃውሞ አላቀረበችም።

በአሜሪካ ክብሯ የተሻለ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በጥር 1784 ለልጃቸው ለሣራ በጻፉት ደብዳቤ የአገሪቱ አርማ የሆነው ንስር የሌላውን ወፍ ዓሣ ነጥቆ የሚበላ፣ ጠባየ ብልሹ መሆኑን ገልጸው፣ ተርኪ ትንሽ ጉረኛና ሞኝ ብትሆንም የተከበረች፣ ደፋርና እውነተኛ የአገር ተወላጅ መሆኗን መስክረዋል። በዚህ ጥናት ውስጥ ከተጠቀሱት ሰዎች ሁሉ «የአገሬ ልጅ ናት» ያሉላት እርሳቸው ብቻ ናቸው። አገሯ ግን በየዓመቱ በኅዳር አራተኛ ሐሙስ፣ በምስጋና ቀን፣ በአስር ሚሊዮኖች አርዶ ይበላታል። ከዚያ ቀን በፊት ፕሬዝዳንቱ በዋይት ሐውስ ግቢ ለአንዷ ወይም ለሁለቱ ይቅርታ ያደርጋሉ፤ ይህ ልማድ መደበኛ ሥርዓት ሆኖ የጸናው ከ1989 ከጆርጅ ቡሽ አባትዬው ወዲህ ነው። ክሱ ምን እንደነበረ ተነግሮ አያውቅም። ክስ ሳይኖር ይቅርታ ማግኘት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ላይሆን ይችላል።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖረው ሐበሻ ጉዳዩን በራሱ መንገድ ይዞታል። ስሟን «ተርኪ» ብሎ ተቀብሏታል፤ አሥራ ሁለት ብልት አውጥቶ ወጥ ሊያደርጋት ግን አይደፍርም፤ አንድ እግሯ ብቻ ለአንድ ዕድር ይበቃል። ስለዚህ ዶሮው በድስት ይሠራል፣ ተርኪዋ በርበሬና ቅቤ ተቀብታ ምድጃ ትገባለች። እዚህ ላይ ሳይታሰብ ታላቅ ነገር ይፈጸማል። የበርበሬው ዘር መጀመሪያ የለማው ሜክሲኮ ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ አፍሪካ ገብቶ፣ የእኛ ሆኖ፣ እንደገና በሻንጣ ተጭኖ አሜሪካ ተመልሷል። ሁለቱ የአገር ልጆች ከአምስት መቶ ዓመት መለያየት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ምድጃ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ሐበሻ ሆኖ፣ አንዷ ቱርክ ሆና። አይተዋወቁም።

የቀን መቁጠሪያውም መታየት አለበት። አራተኛው ሐሙስ የሚውለው ከኅዳር 22 እስከ 28 ባሉት ቀናት ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ በእኛ ኅዳር 15፣ በእነርሱ 24 ይገባል። ከሰባቱ ቀናት አምስቱ ጾም ናቸው ማለት ነው። በአሜሪካ ምድር ለተርኪ በየዓመቱ ይቅርታ የሚያደርጉላት እንግዲህ ፕሬዝዳንቱና ጿሚው ኦርቶዶክስ ናቸው። የፕሬዝዳንቱ ለአንድ ለሁለት ነው።

የቤይሩት ማስረጃ

ጥናቱ እዚህ ሊጠናቀቅ ሲል ከሌቫንት በኩል አዲስ ማስረጃ ቀረበ። በሊባኖስ፣ በሶሪያና በፍልስጥኤም ዐረብኛ ተርኪ «ዲክ ሐበሽ» ትባላለች። የሐበሻ አውራ ዶሮ ማለት ነው። በሳንድዊች ቤትና በየሱቁ የቀዝቃዛ ሥጋ መደርደሪያ «ሐበሽ» ብቻ ይበቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዱር ተርኪ ኖሮ አያውቅም። ይሁንና መርማሪ ወገንተኛ እንዳይባል ለክሱ የሚረዱትን ሁሉ መዘርዘር አለበት። አንደኛ፣ ኦስማን ቱርኮች ከ1555 ጀምሮ በቀይ ባሕር ዳርቻ ላቋቋሙት ግዛት «ሐበሽ» የሚል ስም ሰጥተው በ1557 ምጽዋን ይዘዋል፤ ወፏ በየአገሩ ስም በምትቀበልበት በዚያው ዘመን «ቱርክ» እና «ሐበሽ» በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፈው ነበር። ሁለተኛ፣ አንባቢ ኪሱ ውስጥ ያስቀመጣት የሜዳ አህያ አለች። ሦስተኛ፣ ከጅምሩ በጉዳዩ የተጠረጠረችው ጅግራ በእርግጥም የአገራችን ነዋሪ ናት። ሦስቱም አንድ ላይ ቢደመሩ ማስረጃ አይሆኑም፤ ሰዎች ግን ከዚህ ባነሰ ተፈርዶባቸዋል።

መጽሐፈ አስቴር ሲጀምር ንጉሡ አርጤክስስ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ እንደነገሠ ይናገራል። በዕብራይስጡ የመጀመሪያው አገር «ሆዱ» ነው። ቴል አቪቭ ላይ «ሆዱ»፣ ቤይሩት ላይ «ሐበሽ» የምትባለው ወፍ እንግዲህ ያንኑ ግዛት አንድም ጦር ሳትሰብቅ በስሟ ይዛዋለች።

ቤይሩት ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት አሉ። በየሰዉ አፍ «ሐበሺያ» ናቸው፤ የእናት የአባታቸውን ስም የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው፣ የብዙዎቹም ፓስፖርት በአሠሪያቸው መሳቢያ ውስጥ ነው። ገበያ ተልከው የሚያነሡት ጥቅል ላይ «ሐበሽ» ተብሎ ተጽፏል። ከሜክሲኮ የመጣችው ወፍ ያለ ምንም ወረቀት ሐበሻ ተብላለች፤ ሐበሾቹ ወረቀታቸውን ለማየት ፈቃድ ይጠይቃሉ።

በመሆኑም ምርመራው የሚከተለውን ወስኗል። ተርኪ የሜክሲኮ ተወላጅ ናት፤ ትክክለኛ ስሟ ወንዱ ዌሾሎትል፣ ሴቷ ቶቶሊን ነው። ቱርክ፣ ህንድ፣ ፔሩ፣ ግብፅ፣ ሮም፣ ሆላንድ፣ ፈረንሳይና ካሊከት ከክሱ ነፃ ናቸው። ጅግራ ስሟ ለሌላ ወፍ በመሰጠቱ ካሣ መጠየቅ ትችላለች። የኢትዮጵያን በተመለከተ፣ ሊባኖስ የሰጠችንን ወፍ ለመቀበልም ለመመለስም ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ስላልተለየ ጉዳዩ በቀጠሮ ይቆያል።

እስከዚያው ቤይሩት ምግብ ቤት የምትገቡ አንባቢያን፣ አስተናጋጁ ወደ ማድ ቤት ዞሮ «አንድ ሐበሽ!» ብሎ ሲጣራ ከወንበራችሁ አትነሡ። የጠራው ሳንድዊቹን ነው።